ስለ አንድ መዝጊያና ስለ በሩ

(በካራ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወጣት ሙዚቀኞች፣ አናጺዎችና የብየዳ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ቋንቋችን ሁለት ነገሮችን በሁለት ስም ይጠራል። «በር» ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍት ቦታ ነው፤ «መዝጊያ» ደግሞ ያንን ክፍት ቦታ የሚሸፍነው እንጨት ወይም ብረት ነው። በዕለት ንግግራችን ሁለቱን ቀላቅለን «በሩን ዝጋ» እያልን ስለምንኖር ልዩነቱ ከተረሳ ቆይቷል። እኔም ረስቼው ነበር፤ ያስታወስኩት ለሙዚቃ ክፍሌ ብዙ ገንዘብ አውጥቼ 90 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መዝጊያ ካሠራሁ በኋላ፣ በሩ ግን እንዳልተዘጋ በገባኝ ምሽት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን መዝጊያ እንዴት እንደሠራነው፣ የት እንደተሳሳትንና ስሕተቱ እንዴት እንደታረመ ነው።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ኑሮዬ እዚሁ ከኮተቤ አልፎ ካራ ነው። ለረጅም ዓመታት ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ስወጣ፣ በግቢዬ ጥግ ካለው ሰርቪስ ቤት አንዱን ክፍል ለሙዚቃ ለቀቅሁት። ሴት ልጄ ባስ ጊታር ትጫወታለች፤ የወንድሜ ልጅ ድራም ይመታል፤ እኔም ሰው በሌለበት ሰዓት መሰንቆ እገዘግዛለሁ። ግድግዳው የ20 ሴንቲ ብሎኬት ሆኖ በሁለቱም ወገን በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ በሩ ግን እንደማንኛውም የጓዳ በር ውስጡ ባዶ በሆነ ቀላል መዝጊያ የሚዘጋ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ መሰንቆህስ አይከፋም፤ ያ ከበሮ ግን ልቤ ውስጥ ነው የሚመታው» አሉኝ። ከስድሳ ያለፈ ሰው «ልጄ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ የቀረው ቃላቸው ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር እናደርጋለን» ብዬ ተለየኋቸው።

ጉዳዩ የጉርብትና ብቻም አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይመለከተዋል፤ የአገራችን የድምፅ ደረጃም ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) የሚል ወሰን አለው። አንድ ሙሉ ድራም ከባስ ማጉያ ጋር በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲመታ 100 ዴሲቤልን በቀላሉ ያልፋል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት የሚሞሉት ግድግዳው፣ ጣራው፣ በሩና የግቢያችን ስፋት ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ዘወትር ደካማው በሩ ነው።

ዴሲቤል እንደ ብር የሚደመር ነገር አለመሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ። 10 ዴሲቤል ቀነሰ ማለት የድምፁ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው፤ ጆሯችን ግን ይህን የሚሰማው ግማሽ እንደሆነ አድርጎ ነው። 20 ሲቀንስ ኃይሉ አንድ መቶኛ፣ 30 ሲቀንስ አንድ ሺኛ ይሆናል። ስለዚህ «ድምፅ ጨርሶ የማያሳልፍ በር» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ድምፅን በዚህን ያህል ዴሲቤል የሚያዳክም በር ነው። ሻጭ ሌላ ነገር ከነገራችሁ ቁጥሩን ጠይቁት።

አሁን ወደ መዝጊያው ልግባ። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ መዝጊያውን ሲመታው መዝጊያው ራሱ በዓይን በማይታይ መጠን ይወዛወዛል፤ በመወዛወዙም በወዲያኛው ወገን ያለውን አየር ያንቀጠቅጠዋል። እንግዲህ «ድምፁ በእንጨቱ አለፈ» ስንል በእርግጥ የሆነው እንጨቱ እንደ ከበሮ ቆዳ መሥራቱ ነው። ከባድ ነገር ደግሞ ለመወዛወዝ ሰነፍ ነው። የክብደት ሕግ የምንለውም ይኸው ነው፤ የመዝጊያው ክብደት በካሬ ሜትር በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚያስቀረው ድምፅ በስሌት 6፣ በተግባር 5 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ይህ ሕግ ለኪስ ጨካኝ ነው፤ ድምፁን በጆሮ ግማሽ ለማድረግ ክብደቱን ወደ አራት እጥፍ ማሳደግ ይጠይቃልና። ከዚህም በላይ ሕጉ ለቀጭን ድምፅና ለወፍራም ድምፅ እኩል አይሠራም። የኔን መዝጊያ የሚያህል ክብደት ያለው ነገር በስሌት 500 ሄርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ላለው የሰው ድምፅ 40 ዴሲቤል ያህል ሲያስቀር፣ በ63 ሄርዝ አካባቢ ለሚያጉረመርመው ትልቁ ከበሮ ግን የሚያስቀረው 22 ገደማ ብቻ ነው። ጎረቤቴ መሰንቆውን ንቀው ከበሮውን የከሰሱት ይህን ፊዚክስ ሳይማሩት በልባቸው ስለሚያውቁት ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት በእንጨት ነበር። ለክብሩ ስል ዋንዛ ፈለግሁ፤ ዋንዛ ለቡፌና ለቁም ሳጥን የሚያምር ቢሆንም ቀላል እንጨት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባህር ዛፍ ይከብዳል፤ ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ ባህር ዛፍ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ የተጣመመ መዝጊያ ደግሞ ለኛ ዓላማ ከሌለ አይሻልም። በመጨረሻ ያሠራሁት የቀድሞ ተማሪዬ ከሆነ አናጺ ጋር ተማክረን ነው፤ ከውጭ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ ከመሐል 1.5 ሚሊ ላሜራና 12 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ ከውስጥ ሌላ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፤ ሲደመር 5 ሴንቲ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። መጠኑ 90 በ210 ሴንቲ በመሆኑ ስፋቱ 1.89 ካሬ ሜትር ነው፤ ክብደቱም ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል።

ላሜራውን ስለማጣበቅ አንድ ነገር ላሳያችሁ። (እዚህ ላይ ለተሰብሳቢው ሁለት ቁራጮች አሳይቻለሁ።) ይህን ባዶ ላሜራ በጣቴ አንጓ ስመታው እንደ ደወል ይጮሃል፤ ጩኸቱም እጄን ካነሳሁ በኋላ ይቆያል። ይህኛውን፣ በሁለት ኤምዲኤፍ መሐል የተጣበቀውን፣ ስመታው ግን «ድብ» ብሎ ወዲያው ይሞታል። የሚሻለው ደርቆ ድንጋይ የሚሆን ኮላ ሳይሆን ደርቆም የሚለጠጥ ማጣበቂያ ነው፤ ንብርብሮቹ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ ሲፋተጉ የንዝረቱ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። አንዳንዶች መዝጊያውን በሁለት ቀጫጭን ገጽ ሠርተው መሐሉን ባዶ ማድረግ ይመርጣሉ። ጠባብ ባዶ ቦታ ግን በሁለት ሰሌዳዎች መካከል እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ሆኖ ይሠራል፤ የኔ መዝጊያ ክብደት ለሁለት ተከፍሎ ባዶው ቦታ 2 ሴንቲ ብቻ ሲሆን ሰሌዳዎቹ ከአየሩ ጋር አብረው የሚዘሉት በ120 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ይህም በትክክል ባስ ጊታር የሚኖርበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ቦታ ከሌለ ጥቅጥቅ አድርጉት።

መዝጊያው አለቀ፤ አራት ሰው ተሸክሞት ገባ፤ ተሰቀለ። ያን ምሽት የወንድሜ ልጅ ድራሙን ሲመታ እኔ ውጭ ቆምኩ። ድምፁ ከድሮው ጋር ያው ነበር ባልል እንኳ፣ ካወጣሁት ገንዘብና ከላቡ ጋር የሚመጣጠን ልዩነት አልነበረውም። ወገቤን ይዤ ቀስ ብዬ ሊሾው ላይ ተጋደምኩና ጆሮዬን ወደ መዝጊያው ሥር አስጠጋሁ። ጉንጬን የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ነካው፤ ከሥሩም የመብራቱ ጭላንጭል ዓይኔ ላይ ወደቀ፤ የድራሙ ሲምባል፣ ያ «ጽ» የሚል ቀጭን ድምፅ፣ ምንም እንዳልከለከለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ውስጥ ምንጣፍ ስለነበረ መዝጊያው ምንጣፉን እንዳይጎትት 1 ሴንቲ ከመሬት ከፍ እንዲል ያዘዝኩት እኔው ነበርኩ። አናጺው ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ፣ «ቲቸር፣ መዝጊያው እኮ ዝም ብሏል፤ የሚያወራው ሥሩ ነው» አለኝ።

ስሌቱን ከዚያ በኋላ ሠራሁት፤ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ስሌትን ከስሕተት በኋላ መሥራት የሚያሳፍር ነው፤ ግን እንዲህ ሆነ። ቀዳዳ ድምፅን አያዳክምም፤ የደረሰበትን ሁሉ ያሳልፋል። የቀዳዳው ስፋት ከበሩ ስፋት 1 በመቶ ከሆነ መዝጊያው ከወርቅ ቢሠራ ከ20 ዴሲቤል በላይ አያስቀርም፤ 0.1 በመቶ ከሆነ ጣሪያው 30፣ 0.01 በመቶ ከሆነ 40 ነው። የኔ የ1 ሴንቲ ክፍተት በ90 ሴንቲ ወርድ ሲባዛ 90 ካሬ ሴንቲ ይመጣል፤ ይህም ከበሩ ግማሽ በመቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ውጤቱ 23 ዴሲቤል ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር 40 ሊያስቀር የሚችለው የ90 ኪሎ መዝጊያ፣ ከሥሩ ባለ አንድ ጣት በማይሞላ ክፍተት ምክንያት የቀላል መዝጊያ ሥራ ይሠራ ነበር። ክፍተቱ ትንሽ ቢሆንስ? መዝጊያው ዙሪያውን 6 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን 1 ሚሊ ብቻ ብትተዉለት 60 ካሬ ሴንቲ ይሆናል። ከመታወቂያ ካርድ ጥቂት የሚበልጥ ቀዳዳ መዝጊያው መሐል ላይ ብትበሱ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጣሪያው 25 ዴሲቤል ነው። መዝጊያው የሚችለውን ያህል እንዲሠራ ከተፈለገ የክፍተቱ ሁሉ ድምር ከ2 ካሬ ሴንቲ፣ ማለትም ከአንድ የአውራ ጣት ጥፍር፣ መብለጥ የለበትም።

ከዚህ በኋላ የሠራነው ሁሉ ክብደት አልጨመረም፤ የጨመረው ግጥምታን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ደፉን መመለስ ነበር። በአያቶቻችን ቤት ደፍ ተሻግረን እንገባ ነበር፤ ዛሬ ወለል ለመጥረጊያና ለመወልወያ እንዲመች ደፍ ጠፍቷል። ለሙዚቃ ክፍል ግን ደፍ ያስፈልጋል፤ መዝጊያው በአራቱም ወገን፣ በሥሩም ጭምር፣ እንደ ፍሪጅ በር ሊያርፍበት የሚችል ጠርዝ ማግኘት አለበት። የማዕዘን ብረት ቆርጠን 2.5 ሴንቲ ከፍታ ያለው ደፍ በሲሊኮን ላይ አስቀመጥን፤ ሰው እንዳያደናቅፍም ቢጫ ቀለም ቀባነው። ሁለተኛው የመዝጊያውን ጠርዝ ደረጃ ማድረግ ነበር። የውስጡን ኤምዲኤፍ ፈትተን በሁሉም አቅጣጫ ከሌሎቹ በሚሰፋ አዲስ ስንተካው፣ ደረጃው ያለምንም ልዩ ማሽን በራሱ ተገኘ፤ በዚህም ድምፁ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ሁለት ጎማ አልፎ እንዲወጣ ይገደዳል።

ስለ ጎማው ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ የብዙ ሰው ድካም የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያ የብስክሌት ከመነዳሪ በቁመቱ ቆርጠን ለጠፍን። ርካሽ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጎማ ነው፤ ነገር ግን ጠፍጣፋና ቀጭን ስለሆነ ተጨምቆ ክፍተት መሙላት አይችልም፤ መቃኑ ከፍ ባለበት ቦታ ይነካል፣ ዝቅ ባለበት ቦታ አይነካም። የሚያስፈልገው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ሲጫኑት እስከ ግማሹ የሚጨመቅ፣ ሲለቁት የሚመለስ ጎማ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ በሁላችንም ደጅ ይመላለሳል፤ የመኪና በር ዙሪያ ላይ ያለው ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ከመለዋወጫ ሱቆች መግዛት ይቻላል፤ ምን አለሽ ተራም ከተፈታ መኪና የወጣ አይጠፋም፤ ግን አሮጌው ተጨምቆ የቀረ፣ የማይመለስ እንዳይሆን በጣታችሁ ፈትኑት። የመኪና መስኮት ተዘግቶ የመንገዱ ጩኸት ድንገት ራቅ ሲል የሰማችሁት ሥራ የዚህ ጎማ ጭምር ነው።

ጎማው ከተለጠፈ በኋላ በሁሉም ቦታ መንካቱን በምን እናውቃለን? በዚህ ጊዜ ነው የድሮ ሙያዬ የጠቀመኝ። ነጭ ጠመኔ ወስጄ ጎማውን ዙሪያውን ቀባሁት፤ መዝጊያውን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ ከፈትኩት። መቃኑ ላይ ጠመኔው የተወው መስመር ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ ይመጣና፣ በማጠፊያው ወገን ከታችኛው ማጠፊያ በላይ ሲደርስ ይሳሳል፤ ከዚያ አንድ ክንድ ለሚሆን ርዝመት ፈጽሞ ይጠፋል፤ ከደፉ አጠገብ ደግሞ ተመልሶ ይታያል። ያ የጠፋው ክንድ ነው ድምፁ የሚወጣበት። ማጠፊያውን ፈትተን ከሥሩ ሁለት ሮንዴላ አስገባን፤ እንደገና ቀባሁ፤ እንደገና ዘጋሁ። መስመሩ ሙሉ እስኪሆን ሰባት ጊዜ ደጋገምነው፤ አናጺው «ቲቸር፣ አሁንም ሰሌዳ ላይ ነን» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጠመኔ ከሌላችሁ ክፍሉ ውስጥ እጣን አጭሳችሁ ከውጭ ጠርዙን በባትሪ መመልከት፣ ወይም ወረቀት በጠርዙ ላይ አኑሮ መዝጊያውን ዘግቶ ወረቀቱን መሳብ ይቻላል፤ ወረቀቱ ሳይያዝ የወጣበት ቦታ ክፍት ነው።

ጎማው እንዲጨመቅ መዝጊያውን የሚጎትት ነገር ያስፈልጋል። ተራ ቁልፍ መዝጊያውን ይይዘዋል እንጂ አይስበውም። የሥጋ ማመላለሻ መኪና በር ላይ ያለውን እጀታ አስቡ፤ ሲታጠፍ በሩን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። የብየዳ ባለሙያው ሁለት እንደዚያ ያሉ እጀታዎች፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ከሁለቱም ወገን እንዲከፈቱ አድርጎ ሠራልን። የቁልፍ ቀዳዳ አላስበሳሁም። የማይክራፎን ገመድም በመዝጊያው ሳይሆን በግድግዳው አልፎ ዙሪያው በሲሊኮን ተደፍኗል።

90 ኪሎ የሚሰቀልበት ነገርም የራሱ ጣጣ አለው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ማጠፊያ የተሸከመ መቃን ባዶ ብሎኬት ላይ ቢታሰር ከጥቂት ወራት በኋላ የላይኛው ማጠፊያ ግድግዳውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኬቶች ከፍተን በኮንክሪት ሞላን፤ መቃኑን ከማዕዘን ብረት አሠርተን በቱንቢና በውሃ ልክ አቆምነው፤ ማጠፊያውንም ከሦስት ወደ አራት አሳደግነው። በመቃኑና በግድግዳው መካከል የሚቀረውን ክፍተት ግንበኛ ብዙ ጊዜ ከላይ ልስን አልብሶት ያልፋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የኔም እንደዚያው ነበር፤ በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ቅል ጮኸ። ተፈንቅሎ በሲሚንቶ ተጠቅጥቆ ተሞላ፤ ስንጥቁም በሲሊኮን ተደፈነ።

በመሐል አንድ ልማድ ላንሳ። ብዙ ወጣቶች የክፍላቸውን ግድግዳና መዝጊያ በእንቁላል ካርቶንና በስፖንጅ ሲሸፍኑ አያለሁ። ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ይመጥጣል፤ ለቀረጻ ይጠቅማል፤ ከክፍሉ የሚወጣውን ግን አያስቀርም፤ ቀላል ነውና። ቀዳዳ ባልዲ ውስጥ ስፖንጅ ብታስቀምጡ ውሃው መንጠባጠቡን አያቆምም። የእንቁላል ካርቶኑ ደግሞ ለቀጭን ድምፅ እንኳ ጥቅሙ ትንሽ ሆኖ፣ እሳት ቢነሳ ግን ፈጣን ማገዶ ነው።

እሳትን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን በጥብቅ አሳስባለሁ፤ በዚህ ዓይነት የታሸገ ክፍል ውስጥ ከሰል አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የካራን ብርድ እናውቀዋለን፤ ልምምዱ ሲረዝም አንዱ ምድጃ ይዞ ሊገባ፣ ሌላዋ ቡና ልታፈላ ትችላለች። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ድምፅ የሚያስቀረው ጎማ አየርንም ያስቀራል። ቡናው ውጭ ይፈላ። ከሰል ባይኖርም እንኳ አራት ሰው በተዘጋ ክፍል ሲጫወት አየሩ ስለሚከብድ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠማዘዘና ውስጡ በስፖንጅ የተለበጠ የአየር መተላለፊያ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ድምፁ በየጥምዝምዙ ይመጠጣል፣ አየሩ ግን ያልፋል።

ከበሮው ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ጎረቤቴን ጠርቼ ጠየቅኋቸው፤ «አሁን ሩቅ ሰፈር ሠርግ ያለ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ። የቀረው በከፊል በኮርኒሱ በኩል፣ በከፊልም ከድራሙ እግር በወለሉ በኩል የሚሄድ ነው፤ ድራሙን ወፍራም ጎማ ላይ ባስቀመጥነው ሣንቃ ላይ ስናነሳው ሌላ ጥቂት ቀንሷል። ክረምት ሲገባ ኤምዲኤፉ እርጥበት እንዳይጠጣ ጠርዙ ሁሉ ቀለም መቀባት አለበት፤ እኔ ያልቀባሁት የታችኛው ጠርዝ በነሐሴ አብጦ ደፉን መፋቅ ስለጀመረ ነው ይህን የማውቀው። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ጠመኔውን ይዤ እንደገና እፈትሸዋለሁ።

ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ወጣት «መዝጊያው ስንት ሴንቲ ይሁን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሴ ይህ ነው፤ ከ5 ሴንቲ በላይ አትሂድ። 10 ሴንቲ ብታደርገው 5 ወይም 6 ዴሲቤል ታተርፋለህ፤ ክብደቱ 180 ኪሎ ይሆናል፤ ማጠፊያውም መቃኑም እንደገና ይሠራሉ። ያንኑ ገንዘብ ለሁለተኛ መዝጊያ አውለው። የ20 ሴንቲ ግድግዳ ካለህ አንዱን በውጪው ገጽ፣ ሌላውን በውስጠኛው ገጽ ስቀል፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ይከፈት፤ ሁለቱን በአንድ መቃን አትሰር፤ በመካከላቸው ያለውን ጎንና ጎን በስፖንጅ ልበጠው። እያንዳንዳቸው ከኔ መዝጊያ ግማሹን ቢመዝኑም እንኳ፣ ሁለቱም ዙሪያቸውን በሚገባ ከገጠሙ፣ ከአንዱ ወፍራም የተሻለ ሥራ ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ግን ሙሉ የጠመኔ መስመር ሳታገኝበት ሁለተኛውን አትጀምር።